የሲ ፕሮግራም ዳታውን ሜሞሪ ላይ የት ያስቀምጣል?

አንድ ቫሪያብል ሜሞሪ ላይ የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ ዓይነቱን ማየት አይበቃም፤ ኢንትም ሆነ ቻር በየትኛውም ክፍል ሊገኝ ይችላል። መታየት ያለበት የትና እንዴት ዲክሌር እንደተደረገ ነው። የሲ ስታንዳርድ (የቋንቋው ይፋ ደንብ) ራሱ ስታክ (ፈንክሽን ሲጠራ የሚያዝ፣ ሲመለስ የሚለቀቅ ሜሞሪ) እና ሂፕ (ፕሮግራሙ እየሠራ በጥያቄ የሚያገኘው ሜሞሪ) የሚባሉ ቦታዎችን አያውቅም፤ የሚደነግገው ዳታው እስከ መቼ እንደሚቆይ ነው፤ ስለዚህ ከቦታው ይልቅ ዕድሜውን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ፈንክሽን ውስጥ ስታቲክ የሚለው ቃል ሳይጨመርበት ዲክሌር የተደረገ ቫሪያብል፣ ኮምፓይለሩ ሬጂስተር በሚባለው የፕሮሰሰሩ የውስጥ ማከማቻ ካላስቀረው በቀር፣ ስታክ ላይ ይቀመጣል። ፈንክሽኑ ሲመለስ ቦታው ስለሚለቀቅ አድራሻውን ለጠሪው መመለስ ከባድ ስህተት ነው። ማሎክ በተባለው ፈንክሽን የተጠየቀ ቦታ ግን ሂፕ ላይ ሆኖ ፍሪ በተባለው ፈንክሽን እስኪለቀቅ ይቆያል።

ከፈንክሽን ውጭ ያሉትና ስታቲክ የተባሉት ፕሮግራሙ እስኪያበቃ ይኖራሉ። ከዜሮ የተለየ መነሻ ዋጋ ያላቸው ዳታ በሚባለው ክፍል፣ የሌላቸው ቢኤስኤስ በሚባለው ክፍል ይመደባሉ። ይህን ሊኑክስ ላይ በዓይን ማየት ይቻላል፦ 1,000,000 ኢንት የሚይዝ አሬይ ከፈንክሽን ውጭ ያለ መነሻ ዋጋ ዲክሌር አድርገው ኮምፓይል ካደረጉ በኋላ ሳይዝ የተባለውን ትዕዛዝ በፋይሉ ላይ ቢያስኬዱ፣ የቢኤስኤስ ዓምድ 4,000,000 ባይት ያህል ጨምሮ ያገኙታል፤ ፋይሉ ግን እምብዛም አልጨመረም፤ ለቢኤስኤስ የሚመዘገበው መጠኑ ብቻ ነውና። ለመጀመሪያው ኤለመንት 1ን መነሻ ዋጋ አድርገው ሰጥተው ሲደግሙት ያ ሁሉ ባይት ወደ ዳታ ዓምድ ይዛወራል፣ ፋይሉም በዚያው ልክ ያድጋል።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የሌላ ዳታን አድራሻ የሚይዘው ፖይንተር ነው፤ ፖይንተሩና የሚያመለክተው ዳታ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት በተለያየ ክፍል ነውና። ፈንክሽን ውስጥ አንድ የቻር ፖይንተር «ሰላም» ወደሚለው ስትሪንግ እንዲያመለክት ቢደረግ፣ በ64 ቢት ሲስተም ስታክ ላይ የሚያርፈው የ8 ባይት አድራሻ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ሊነበብ እንጂ ሊጻፍበት በማይፈቀድ ክፍል ይቀመጣል። ያው ቃል መጠኑ ሳይገለጽ የቻር አሬይ መነሻ ሆኖ ከተሰጠ ግን ጽሑፉ ራሱ ስታክ ላይ ይገለበጣል፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ ኮድ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከመዝጊያው ዜሮ ጋር 10 ባይት ይይዛል። የአሬዩን ባይት መለወጥ ይቻላል፤ በፖይንተሩ በኩል ስትሪንጉን ለመለወጥ መሞከር ግን ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙን በሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ የሜሞሪ አጠቃቀም ስህተት) ያስቆመዋል። እንዲህ ያለውን ፖይንተር ሁልጊዜ ወደ ኮንስት ቻር (ሊለወጥ ወደማይችል ቻር) የሚያመለክት አድርጎ ዲክሌር ማድረግ ይገባል፤ ያን ጊዜ ስህተቱን ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ይይዘዋል።