የአልትራሶኒክ ደረጃ 2 ፈተና፦ ጉድለቱን አግኝቶ የሚወድቅ ተፈታኝ ችግርና መፍትሄ

ይህ የተጻፈው በአልትራሶኒክ የብየዳ ምርመራ፣ ማለትም በብየዳ ውስጥ የተደበቀ ጉድለትን በድምፅ ሞገድ በመፈለግ ሥራ፣ ለደረጃ 2 ለሚፈተን ሰው ነው። መሣሪያ አብርቶ ከዜሮ ዲግሪ ፕሮብ (ድምፁን ቀጥ አድርጎ ወደ ብረቱ ከሚልከውና ከሚቀበለው ቁራጭ) ጋር ማስማማት የማይችል ሰው ገና ለፈተና አልደረሰምና ስለ እርሱ አልጽፍም።

ምልክት፦ በመለማመጃ ጥያቄ 95፣ በዋናው ፈተና 62

ምክንያቱ ሽምደዳ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው፣ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘው የጥያቄ ጥራዝ በየቤቱ አለ። ተፈታኙ የያዘው ስሌቱን ሳይሆን የመልሱን ፊደል ነው። ይባስ ብሎ በጥራዙ ውስጥ የተሳሳቱ መልሶች አሉ፤ እነርሱንም አብሮ ይሸመድዳቸዋል።

መፍትሄው ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይሮ መሥራት ነው። በብረት ውስጥ የቁመታዊው ሞገድ ፍጥነት በሰከንድ 5920 ሜትር ነው። ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር የሆነ የ4 ሜጋኸርዝ ፕሮብ የቅርብ መስኩ (ከፕሮቡ ፊት ያለው፣ የድምፁ ብርታት የሚዋዥቅበት ርቀት) 17 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ዲያሜትሩን 20 አድርጋችሁ እንደገና አስሉት። 34 ካላችሁ ቀመሩ አልገባችሁም፤ ዲያሜትሩ በራሱ ስለሚባዛ መልሱ 68 ገደማ ነው። በመሣሪያው ላይ የሚታየውን ምልክት ቁመት የምናወዳድርበት ዴሲቤልም እንዲሁ ነው፦ 6 ዴሲቤል እጥፍ፣ 12 አራት እጥፍ፣ 20 አሥር እጥፍ። «6 ሁለት ከሆነ 12 ሦስት ነው» ብሎ የተከራከረኝ ሰው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልጽፈውም ነበር።

ምልክት፦ ስሌቱ ከዜሮ በታች ይወጣል

የሒሳብ መኪናው በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ላይ ነው። የ60 ሳይን 0.87 ካልሆነ መኪናውን አስተካክሉ።

ምልክት፦ ሁሉንም ክፍል አልፎ «ወድቀሃል» መባል

ደንቡን አለማንበብ ነው። በአይኤስኦ 9712፣ በዓለም አቀፉ የመርማሪዎች ማረጋገጫ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 70 ከመቶ ይጠይቃል። በኤስኤንቲ ቲሲ 1ኤ፣ በአሜሪካው መመሪያ፣ ግን ከየክፍሉ 70 በተጨማሪ አማካዩ 80 መድረስ አለበት። በሦስቱም ክፍሎች 72 ያመጣ ሰው በአንዱ ያልፋል፣ በሌላው ይወድቃል። የምትፈተኑት በየትኛው እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

ምልክት፦ ጉድለቱን ሁሉ አግኝቶ በተግባር ፈተናው መውደቅ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ከሚወድቁት ውስጥ አብዛኞቹን የምቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ተፈታኙ ተበሳጭቶ ይመጣል፤ «ሦስቱንም አግኝቻለሁ፣ ለምን ጣሉኝ?» ይላል። ሪፖርቱን በቃሉ ሲነግረኝ ቦታው ተዛብቷል፦ በላይኛው ገጽ ያለው ጉድለት ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከሥር ያለው ወደ ጎን ሸሽቷል።

ምክንያቱ በፕሮቡ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማመን ነው። ፕሮቡ «70» ይላል፣ የጨረሩ ማዕዘን በዲግሪ ማለት ነው፤ ተፈታኙም 70 ብሎ ያሰላል። ከፕሮቡ ሥር ያለው ፕላስቲክ፣ እኛ ጫማ የምንለው፣ እንደ ማንኛውም ጫማ ያልቃል። አብዛኛው ሰው በአውራ ጣቱ ፊቱን ስለሚጫን የሚያልቀው አፍንጫው ነው። አፍንጫው ሲያልቅ ፕሮቡ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ጨረሩም ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ 70 የነበረው 67 ይሆናል። ተረከዙ ካለቀ ተቃራኒው ነው።

ሦስት ዲግሪ ምን ያመጣል የሚል ካለ ይኸው። ሰሌዳው 20 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ምልክቱ የታየው በ100 ሚሊሜትር የጨረር ጉዞ ላይ ነው፤ ጨረሩ ከታችኛው ገጽ ነጥሮ እየወጣ ነው ማለት ነው። በ70 ካሰላችሁ ጥልቀቱ 40 ሲቀነስ 34.2፣ 5.8 ሚሊሜትር ይሆናል። በእውነተኛው 67 ግን 40 ሲቀነስ 39.1፣ 0.9 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያው ሰው «ከጎን ግድግዳ ጋር አልተዋሐደም» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው በብየዳው ጠርዝ ላይ፣ ከገጹ ሥር፣ ስንጥቅ እንዳለ ያውቃል። አንዱ ናሙና፣ አንዱ ምልክት፣ ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች! ፈታኙ የናሙናውን ካርታ በእጁ ይዟልና አይከራከራችሁም።

እኔ ራሴ መጀመሪያ የወደቅሁት በዚህ ነው። ፕሮቡ የተዋስሁት ነበር፤ ባለቤቱ «አዲስ ነው» አለኝ። አዲስነቱ በሳጥኑ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ብናገር አያልቅም። አንዱ ፕሮቡ በቧንቧ ላይ አልቀመጥ ሲለው ጫማውን ራሱ በአሸዋ ወረቀት ሞርዶት መጣ። ማዕዘኑን ስለካው 64 ዲግሪ ሆነ፤ በዚያ ፕሮብ ሁለት ወር ሲለማመድ ከርሞ ነበር! ሌላው በባሕረ ሰላጤ አገር የሚሠራ ልጅ ነበር። መሣሪያውን በጠዋት፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አስተካክሎ፣ በቀትር በፀሐይ የጋለ ብረት ላይ ይመረምራል። ፕላስቲኩ ሲሞቅ በውስጡ ያለው የድምፅ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ማዕዘኑ ከፍ ይላል። የልጁ ፕሮብ አላለቀም፣ የጋለ ብቻ ነው። ብሎኩንም (መሣሪያው የሚስተካከልበትን፣ ልኩ የታወቀ ብረት) ፕሮቡንም ሥራው ባለበት ሙቀት አስተካክሉ።

በጣም ርካሽ የሆኑ፣ ስማቸው ከታወቁት ጋር በአንድ ፊደል የሚለያይ ፕሮቦችም አሉ። ከካርቶን ሲወጡ ጀምሮ 70 ያልሆኑ አጋጥመውኛል። ገንዘባችሁን አታቃጥሉ።

መፍትሄው አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። መጀመሪያ ፕሮቡን በቪ1 ብሎክ ላይ አድርጋችሁ ወደ 100 ሚሊሜትሩ ክብ ገጽ አዙሩት። ምልክቱ ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ አንቀሳቅሱ፤ አታጣምሙት። በብሎኩ ላይ ካለው የክቡ መሐል ምልክት ትይዩ የሆነው የፕሮቡ ነጥብ የጨረር መውጫው ነው። አሮጌውን ምልክት ትታችሁ በራሳችሁ እስክሪብቶ አዲስ አድርጉበት። ቀጥሎ ወደ ትልቁ፣ 50 ሚሊሜትር ዲያሜትር ወዳለው ቀዳዳ አዙሩና ምልክቱን ከፍተኛ አድርጉ፤ አሁን ያገኛችሁት መውጫ ነጥብ የሚያመለክተው ዲግሪ እውነተኛው ማዕዘን ነው። መውጫውን ሳያገኙ ማዕዘኑን ማንበብ ዋጋ የለውም፤ ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጠው ሰው ብዛቱ ያስገርመኛል። ከሁለት ዲግሪ በላይ የተዛባ ፕሮብ ቢሰጣችሁ ሌላ ጠይቁ፤ ከሌለ የለካችሁትን ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ጽፋችሁ በእርሱ አስሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «67 ነው» ብላችሁ ለክታችሁ መሣሪያው ውስጥ 70 ተጽፎ ከቀረ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ዲጂታሉ መሣሪያ ጥልቀቱን የሚያሰላው እናንተ ባስገባችሁለት ማዕዘን ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በትንሹ ቪ2 ብሎክ የምታስተካክሉ ከሆነ ወደ 25 ሚሊሜትሩ ክብ ሲዞር የሚመጡት ምልክቶች 25፣ 100 እና 175 ናቸው። 25፣ 50፣ 75 ብሎ ያስገባ ሰው ናሙናው ላይ የሚያየው ሁሉ ተረት ነው።

ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ፦ ልምምዱን በአንድ ፕሮብ ብቻ አታድርጉ። የፈተና ማዕከሉ የራሱን ሊሰጣችሁ ይችላል።

ምልክት፦ ቦታው ልክ፣ ግን በተቃራኒው ጫፍ

ከናሙናው የመነሻ ምልክት ሳይሆን ከራሱ ግራ እጅ የለካ ሰው ነው። ናሙናውን ሲያዞረው መነሻውም አብሮ ዞሯል። ፕሮብ ከመያዛችሁ በፊት ናሙናውን በወረቀት ላይ ሣሉ፤ መነሻውንና ከየትኛው ጎን እንደምትመረምሩ ቀስት አድርጉበት።

ምልክት፦ ጊዜው ያልቃል

የዜሮ ዲግሪውን ቅኝት ዘልሎ በማዕዘን ፕሮብ የጀመረ ሰው በሰሌዳው ውስጥ ያለ ንጣፍ መሰል ክፍተት ጨረሩን ሲመልስበት ጉድለት መስሎት ግማሽ ሰዓት ያሳድደዋል። ብየዳውን ከመንካታችሁ በፊት ጨረሩ የሚያልፍበትን ብረት ቃኙ።

ምልክት፦ በር ላይ መመለስ

የዕይታ ምርመራ ወረቀቱ ጊዜው አልፏል። የቅርብ ዕይታ በየዓመቱ ይታደሳል። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች መነጽሩን ይዛችሁ ኑ፤ «መኪና ውስጥ ረሳሁት» ያለኝ ተፈታኝ ቪ1 ብሎኩ ላይ 60ን እና 65ን መለየት አቅቶት ከእኔ ተውሶ ነው የጨረሰው።