«እማዬ አንቺ አሁን እረፊ» እና ሌሎች ለወላጆቻችን ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

እናታችንን ከሽሮ ሜዳ አውጥተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያስገባናት የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፣ እህቴ በዕጣ የደረሳት ቤት ነበር፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ሽንት ቤቱ እዛው ውስጥ ነው፣ በቃ እማዬ ተገላገለች አልን። ቤቱ ግን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። በሁለተኛው ክረምት አንድ ቅዳሜ ሳልነግራት ብሄድ ቡና አፍልታ ብቻዋን ተቀምጣለች፣ ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ ደርድራለች፣ የተቀዳው ግን አንዱ ብቻ ነው። «ማን ሊመጣ ነው?» ስላት «ማንም፣ እጄ ለምዶ ነው» አለችኝ። ከዛ በኋላ ነው በደንብ ያየኋት፣ ቀሚሱ ሰፍቷታል፣ ፀጉሯን ከተሠራች ሰንብታለች፣ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወልኩ «ደህና ነኝ» ስትለኝ አምኜ ስዘጋ ነው የከረምኩት። እኛ ያጠፋነውን ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት «እረፊ» ማለታችን ነው። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ በርበሬ የምታስማማ ሴት ናት፣ ሰርግ ሲኖር ወጡን እንድትቀምስ የምትጠራው እሷ ነበረች፣ እኛ ደግሞ ሽሮውንም በርበሬውንም ከባልትና ሱቅ ገዝተን ሠራተኛ ቀጥረን ዝም ብለሽ ተቀመጪ አልናት። ሀምሳ ዓመት ሰው ሲፈልጋት የኖረች ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስታ ማንም ምንም አይፈልግባትም። ይሄ በየትኛውም ዕድሜ ያለን ሰው ይሰብራል። ቀኑን ሙሉ የልጅ ልጅ ጠብቂ በሏት እያልኩ አይደለም፣ እሱም ሌላ ስህተት ነው፣ ጉልበቷን ይጨርሰዋል። ግን የሷ የሆነ፣ ካልሠራችው የሚጎድል አንድ ሥራ ይኑራት። እኛ ቤት አሁን የሦስታችንም ቤት በርበሬ የሚዘጋጀው በሷ ትዕዛዝ ነው፣ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታዛለች፣ ቅመሙን ትለካለች፣ ትቆጣለች፣ ስትቆጣ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ከሰፈር መንቀል ነው። አንዳንዴ ግድ ነው፣ ሰፈር ይፈርሳል፣ ቤት ይሸጣል። ስህተቱ ከዛ በኋላ ያለው ነው። እኛ የእድሯን ወርሃዊ መዋጮ በቴሌብር እየላክን እድሯ አልተቋረጠም ብለን ተጽናንተን ነበር፣ ግን እድር ማለት እኮ ለቅሶ ቤት ሄዶ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ፣ ማን እንደታመመ መስማት፣ «የት ጠፋሽ» መባል ነው። ማህበሯም እንደዛው። አሁን በወር ሁለቴ በራይድ ሽሮ ሜዳ እናደርሳታለን፣ ወጪ አለው አልዋሽም፣ ግን ለክሊኒክ ስናወጣ ከነበረው ያንሳል። ሌላው ያደረግነው አራተኛ ፎቁን አከራይተን እዛው ብሎክ ምድር ቤት መከራየት ነው። ደረጃው ነበር እስር ቤት ያደረገባት፣ ጉልበቷን ስለሚያማት አንዴ ከወረደች መውጣቱን እያሰበች መውረዱን ተወችው። በሯ መሬት ላይ ሲሆን ጎረቤት ሲያልፍ ሰላም ይላል፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ኮሚናሉ (የግቢው የጋራ መገልገያ ቤት) ደርሳ ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ያስፈልጋል ይላል፣ ሽማግሌዎችንም ይጨምራል፣ ለሷ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው።

ሦስተኛው «እርጅና ነው» ማለት። ድባቴ የእርጅና ክፍል አይደለም፣ ሕመም ነው፣ ይታከማል። ችግሩ የኛ አገር ትልቅ ሰው «ደበረኝ» ብሎ አይነግርህም፣ ጨጓራዬን፣ ወገቤን፣ ራሴን፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ሌሊት ነቅቼ አድራለሁ ነው የሚልህ። እኛም ሦስት ክሊኒክ አዞርናት፣ ሁሉም የጨጓራ መድኃኒት ሰጧት፣ ስለ ሆዷ እንጂ ስለ ቀኗ ማንም አልጠየቃትም። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መተዉ፣ የሚያስደስታትን ነገር መተዉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ሐኪም ጋር ሂዱና ነገሩን በግልጽ ተናገሩ። የደም ማነስ፣ የእንቅርት እጢ (ታይሮይድ) መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ተመሳሳይ ስሜት ስለሚያመጡ ይመርመሩላት።

ጆሮና ዓይን ደግሞ አትርሱ! ሰው የማይሰማ ሰው ከጨዋታ ይወጣል፣ ሁለቴ «ምን አልሽ?» ካለ በኋላ ሦስተኛውን ያፍራል፣ ዝም ይላል፣ እኛ «ዝምተኛ ሆነች» እንላለን። የእማዬ ግማሹ ዝምታ የጆሮ ኩክ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? የዓይን ሞራም ቢሆን በአጭር ኦፕራሲዮን የሚወጣ ነገር ነው።

ጸበል ወይስ ሐኪም የሚለው ክርክርም ብዙ ሰው ጎድቷል። ሁለቱም ይሁን፣ ግን መድኃኒት የታዘዘለትን ሰው አስቁማችሁ አትውሰዱ። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይወስዳል፣ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል አይገባም። ከፋርማሲ ዝም ብሎ የእንቅልፍ ክኒን መግዛት ደግሞ በጣም አደገኛ ነው፣ ትልቅ ሰው ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄድ ወድቆ ዳሌው የሚሰበረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። «ምነው በሞትኩት» የሚል ንግግር ከተደጋገመ የእርጅና ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ አጠገቧ ሆናችሁ ጠይቋት፣ ብቻዋን አትተዋት፣ በዛው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዷት።

ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ገንዘቡ በጣም ያግዛል፣ አመሰግናለሁ፣ ግን «ብር ደረሰሽ?» ብሎ መዝጋት መደወል አይደለም። ቀንና ሰዓት ያለው ስልክ ይሻላል፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ ሁሌም እሁድ፣ የምትጠብቀው ነገር ይሆናታል። ወደ ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ልትወስዷት ካሰባችሁም ቀኑን አስቡት፣ እናንተ በሌሊት ወጥታችሁ ማታ ትገባላችሁ፣ መንዳት አትችልም፣ ቋንቋ የለም፣ ውጭ በረዶ ነው፣ ቲቪ ብቻ። ቲኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድና የአረጋውያን የቀን መዋያ ጠይቁ፣ ማን እንደሚያደርሳትም ጭምር።

አባቶችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ሴቶቹ ቡናና ማህበር አላቸው፣ ወንዱ ግን ጓደኛው ሁሉ መሥሪያ ቤት ነው፣ 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ሲወጣ በአንድ ቀን ሁሉም ይጠፋል። ከመውጣቱ በፊት የዳማ ጓደኛም ይሁን የእድር ሥራ አስፈጻሚነት አንድ ነገር ይጀምር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው 1ዱ ብቸኝነት እንዳለበት፣ በዓመት ከ871 ሺህ በላይ ሞትም ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ጽፏል። ስለዚህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የመጨረሻው ስህተት የነሱም የኛም ነው፣ እነሱ «ልጆቼን አላስቸግርም» ይላሉ፣ እኛ «ደህና ነሽ?» ብለን «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉን እንረካለን። ይሄ ጥያቄ መልሱ ሁሌም አንድ ነው። እኔ አሁን «ዛሬ ቡና ከማን ጋር ጠጣሽ?» ነው የምላት። የሰው ስም ከጠራች ጨዋታው ይቀጥላል፣ ምን አወራችሁ፣ ልጇ ዳነች ወይ እያልኩ። «ከማንም» ካለችኝ ደግሞ በማግስቱ ከሥራ ስወጣ በዛው እሄዳለሁ።