ሕፃኑን ያለ ዳይፐር ማሸናት

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ የታጠበ የሽንት ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም፤ የዳይፐሩን ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሕፃን ልጅ ያላችሁ፣ ፖፖ ላይ ለማሸናት እስኪራመድ መጠበቅ የለባችሁም። እናቶቻችን ያሳደጉን እንዲሁ ነው።

ዋናው ሰዓቱን ማወቅ ነው። ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ከእንቅልፉ እንደነቃ ይሸናል፤ ጠብቶ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ካካ ይላል፣ ሆዱ ሲሞላ አንጀቱ መንቀሳቀስ ስለሚጀምር። እየጠባ ድንገት ጡት ለቆ ከተቁነጠነጠ፣ ወይም ፊቱ ቀላ ብሎ ካማጠ ፈጠን በሉ። ጀርባውን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ፣ ጭኖቹን ከሥር በሁለት እጅ ያዙና ፖፖው ላይ "እሽሽሽ" በሉት። አንገቱ ገና ካልጠና ጭንቅላቱ በደንብ ይደገፍ። ድምፁን አትቀያይሩበት፣ ቀስ እያለ ይለምደዋል።

ብርዱን አትርሱ። ጠዋት ጠዋት ከታች ብቻ ግለጡት፣ የፖፖውንም ጠርዝ ለብ ባለ ውሃ አሙቁና አድርቁት፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ቂጡን ከነካው ሌላ ቀን ፖፖውን ገና ሲያይ ያለቅሳል። ኮምቦልቻ ያላችሁ በዚህስ ዕድለኞች ናችሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ከወረዱ ወዲያ ብርዱ ይቀላል።

ሌሊትና መንገድ ላይ ዳይፐር ብታደርጉለት ማንም አይፈርድባችሁም። ሰውነቱን ከወጠረ ወይም ወደ ኋላ ከተለጠጠ አልመጣበትምና አታስገድዱት። ሲያመልጠውም አብሽሩ፣ ቁጣ የለም። ካካው ደርቆ ካስቸገረው ወይም ሲሸና የሚያለቅስ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።