የፔጆ ፍሬን ጎሚኒ ከመግዛታችሁ በፊት
ፔጆ 504 ይዛችሁ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለምትወርዱ፦ የፊት ፍሬን ጎሚኒ ስትገዙ “የፔጆ ስጠኝ” ማለት ብቻ አይበቃም። በዚሁ ሞዴል ላይ የጊርሊንግ ኩባንያም የሌላም ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው አካል) ይገጠም ነበር። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉና ካሊፐሩ ላይ የተቀረጸውን ስም አንብቡ። ውስጡ ያለውን ፒስተንም ለኩ።

ፒስተኑን በአየር ስታስወጡ ካሊፐሩ መሃል ላይ፣ ከፒስተኑ ፊት ለፊት እንጨት አስገቡ። ጣት እንዳታስገቡ፣ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው! ዝገት ከበላው በብርጭቆ ወረቀት አትድከሙ፣ ቀይሩት። ማጠቢያው ንጹህ የፍሬን ዘይት ነው። ናፍጣና ቤንዚን ጎሚኒውን ያሳብጡታል። (ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ስል የሚስቁብኝ መካኒኮች አሉ፤ ይሳቁ።)

ስትገጥሙ የአየር ማስወጫዋ ወደ ላይ ትሁን። ወደ ታች ከዞረች የግራና የቀኙን ካሊፐር አቀያይራችኋል፤ አየሩም አይወጣም።