ቡናማ ስለሆነ የጥንት ሥዕል አይመስልም

በአውሮፓ ጥንታዊ ሊቃውንት ሰዓሊዎች ዘይቤ የባለጸጎችን የቁም ሥዕል መሥራት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ቡናማ ቀለም ነው። እኔም እንደዚያው ጀመርኩ። ሙዚየም ውስጥ የምናየው ማር የመሰለ መልክ ግን ብዙውን ጊዜ የሰዓሊው ሐሳብ አይደለም፤ ላዩ ላይ የተቀባው ቫርኒሽ በዘመን ብዛት ቢጫ ሆኖ ነው። ሲጸዳ ከሥሩ ጥርት ያለ ሰማያዊና ነጭ ብቅ ይላል። አሠራሩን እንጂ እርጅናውን አትቅዱ።

በዚህ ነገር ትልቅ ሰውም ተሸውዷል። እ.ኤ.አ. በ1768 የተመሠረተው የለንደኑ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆሽዋ ሬይኖልድስ፣ መሳፍንቱና ወይዛዝርቱ ተራ ይዘው የሚቀመጡለት ሰዓሊ ነበር። የቀደምቱን የሆላንዱን ሬምብራንትንና የቬኒስ ሰዓሊዎችን ጥልቀት በአቋራጭ ለማግኘት ሲል ሬንጅ ነክ ቡናማ ተጠቀመ። ይህ ቀለም ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ በደንብ አይደርቅም፤ ውሎ አድሮ ሥዕሉ ክረምት እንዳለፈበት ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ጉንጭ ያቀላበት፣ ከነፍሳት የሚሠራው ካርሚን ደግሞ ብርሃን ሲያየው ይለቃል። የተሳሉት ሰዎች በሕይወት እያሉ ሸራው ላይ ያለው ፊታቸው ገረጣ።

የቀለሙን ንብርብር ቅደም ተከተል መገልበጥም ያው የመሰነጣጠቅ መዘዝ አለው። የታችኛው በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው የተልባ ዘይት በዛ ያለበት ይሁን። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ገለበጥኩት፤ በወራት ውስጥ ጥቁሩ ቀሚስ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ወጣ።

በፍላሽ ከተነሳ ፎቶ መሥራት፦ ጥላ የለውም፣ ተዉት። አንድ መስኮት በጎን በኩል፣ ከፍ ብሎ ይበቃል። ጥላውን ሳሳ፣ ብርሃን ያረፈበትን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ።

ጭንቅላቱ ቦታውን ሳይዝ ወደ ሐብሉና ወደ ዳንቴሉ መሮጥ የብዙዎቻችን ድክመት ነው። እጅ ደግሞ የተረሳ ልጅ ነው፤ ስመ ጥሩ የቁም ሥዕል ሰዓሊ ቫን ዳይክ እንኳ ለእጅ ብቻ የሚቀመጡ ሰዎች ይቀጥር ነበር ይባላል።

ስለ ልብሱ ብሩሽ ሳይነሳ ተስማሙ። አሜሪካዊው ሰዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት «ማዳም ኤክስ» የተባለውን የአንዲት ወይዘሮ የቁም ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1884 ፓሪስ ላይ ሲያሳይ የቀሚሷ አንዱ ማንጠልጠያ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር። ከተማው ተንጫጫ፣ እናቷ ሥዕሉ ይነሳ ብላ ለመነች። በኋላ ማንጠልጠያውን መልሶ ትከሻዋ ላይ ሳለው፤ ሥዕሉ ግን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እስከሸጠበት እስከ 1916 እ.ኤ.አ. ድረስ እሱው ዘንድ ቀረ።