ቀላል የቤት ቢራን ቦርቦን በጠጣ ኦክ ማጣፈጥ

ቦርቦን፣ ማለትም በአብዛኛው ከበቆሎ የሚሠራው የአሜሪካ ውስኪ፣ የጠጣ ኦክ (የመጠጥ በርሜል የሚሠራበት እንጨት) ብዙ ጊዜ የሚገባው አልኮላቸው 9 ወይም 10 በመቶ በደረሰ ጥቋቁር ቢራዎች ውስጥ ነው። 4 በመቶ ባለው ቢራም ይሆናል፤ ግን ለጠንካራው ቢራ የሚገባው መጠን እንዳለ ከተወሰደ የሚጠጣው እንጨት እንጂ ቢራ አይደለም። ልኩ እዚህ የተሰጠው ለ19 ሊትር ፖርተር፣ ማለትም ጥቁር ቢራ፣ ነው።

መጀመሪያ ቢራውን ለእንጨቱ ማዘጋጀት። ብቅሉ በ68 ዲግሪ ይዘፍዘፍ፤ 400 ግራም የአጃ ክክ ይግባበት። በዚህ ሙቀት እርሾ የማይበላው ስኳር ስለሚተርፍ ቢራው ውሃ ውሃ አይልም። የሆፕሱ፣ ማለትም የፈረንጅ ጌሾው፣ ምሬት ቀነስ ይበል፤ እንጨቱ የራሱን ይጨምራል።

በመካከለኛ ሙቀት የተቆላ የአሜሪካ ኦክ፣ በኩብ የተቆረጠ፣ 20 ግራም ይበቃል። ስብርባሪ ኦክ ጣዕሙን ቶሎ ስለሚለቅ ማቆሚያው ያመልጣል። ከአናጺ ቤት የተረፈ ቁራጭ አይሆንም፤ አልተቆላም፣ የቫኒላው ሽታ ደግሞ በአብዛኛው የመቆላቱ ውጤት ነው። ጋን በወይራ ላጠነ ሰው ይህ አይጠፋውም፦ እንጨት ያለ እሳት ብዙም አይናገርም።

ኩቦቹ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሶ 5 ደቂቃ ማቆየት። ውሃው ሻይ ይመስላል፤ ያ ታኒን፣ ማለትም አፍ የሚያደርቀው የእንጨቱ ንጥረ ነገር፣ ነው፤ ይደፋ። ከዚያ በትንሽ ብልቃጥ 100 ሚሊ ሊትር ቦርቦን ጨምሮ ለ2 ሳምንት መክደን። መጀመሪያ ይንሳፈፋሉ፣ ሲጠግቡ ይሰጥማሉ። ከላይ ብቅ ያለ እንጨት ተዋስያን ስለሚተርፉበት በየቀኑ መነቅነቅ ነው። ውድ ቦርቦን አያስፈልግም።

የሃይድሮሜትሩ (የቢራውን ጥግግት የሚለካው መሣሪያ) ንባብ 3 ቀን ሳይለወጥ ሲቆይ፣ ኩቦቹን አጥልሎ በተቀቀለ ስስ ጨርቅ ከማይዝግ ብረት ክብደት ጋር አስሮ ቀስ ብሎ ማስገባት። ከተወረወረ አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። ቦርቦኑ አይደፋ፤ በኋላ ተለክቶ ወደ ቢራው ይጨመራል።

ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በየ2 ቀኑ ከቧንቧው ጥቂት ቀድቶ መቅመስ፤ ክዳን በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ ቢራውም እርጥብ ካርቶን ይሸታል። የእንጨቱ ጣዕም ገና መሰማት ሲጀምር ይውጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ። ከቆየ ብዙ እንደፈላ ሻይ ቅጠል አፍ ያደርቃል፤ አንዱ መፍትሔም እንጨት ካልነካው ቢራ ጋር መቀላቀል ነው።

የቦርቦኑ ልክ በመርፌ ሲሪንጅ ይገኛል። በ4 ብርጭቆ እያንዳንዳቸው 100 ሚሊ ሊትር ቢራ ቀድቶ በየተራ 0.2፣ 0.3፣ 0.4 እና 0.5 ሚሊ ሊትር ጠብ ማድረግ። 0.3 ከተመረጠ ለ19 ሊትሩ 57 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ቦርቦኑ 45 በመቶ ቢሆን እንኳ የቢራውን አልኮል ከፍ የሚያደርገው በ0.12 በመቶ ገደማ ነው። አፍንጫ የሚያቃጥለው ብርጭቆ አልፏል፣ አንድ ደረጃ መመለስ።

ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ለጋዙ 110 ግራም ስኳር ይበቃል። ቀላል ቢራ እንደ ጠንካራው አይከርምም፤ በ3 ወር ውስጥ ይጠጣ።