መኪናው ይነዳል፣ ፍተሻ ግን አያልፍም፦ የፎርሙላ ኤስኤኢ ሕጎች የት ላይ ያደናቅፋሉ?

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታችሁ የሠራችሁት መኪና ሳያልፍ ከፍተሻው ተገፍቶ ሲወጣ ማየት ያማል። እኔ አይቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የምህንድስና ሳይሆን የንባብ ነው። ተማሪዎች ራሳቸው የሠሩትን የእሽቅድምድም መኪና ይዘው የሚወዳደሩበት የፎርሙላ ኤስኤኢ ሕግ ከመቶ ገጽ በላይ ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው ይወስዳችኋል። ስለዚህ እያንዳንዱን አንቀጽ ስታነቡ «ፈታሹ ይሄን በምን ይለካዋል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በአንድ መስመር በአማርኛ ጻፉት። ቁጥሮቹ ሊቀየሩ ስለሚችሉ የዘንድሮውን እትም አመሳክሩ።

«ሕጉ 2 ሚሊ ሜትር ነው የሚለው፣ ቧንቧችንም 2 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለምን ወደቅን?»

ይሄ ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ነው። ነገሩ ከሹፌሩ ጀርባ ስለሚቆመው ትልቁ የብረት ቅስት ነው። ሕጉ ውስጥ ያለው ሰንጠረዥ የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ቢያንስ 2.0 ሚሊ ሜትር ይሁን ይላል፤ ቡድኑ እዚያ ላይ ማንበቡን ያቆምና 25.4 በ2.0 (የውጭ ዲያሜትር በግድግዳ ውፍረት) ቧንቧ ገዝቶ፣ አጥፎ፣ በይዶ ይጨርሳል።

መንስኤው፦ ሰንጠረዡ ላይ ያሉት መስፈርቶች አራት ናቸው፣ አራቱም ባንድ ላይ መሟላት አለባቸው። የውጭ ዲያሜትሩ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ቢያንስ 2፣ ቧንቧው ሲቆረጥ የሚታየው የብረቱ ስፋት ቢያንስ 173 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ከዚያም የመታጠፍ መቋቋሚያው (ኢነርሺያ የምንለው) ቢያንስ 11,320 ሚሊ ሜትር በአራተኛ ኃይል። አሁን አስሉት። 25.4 በ2.0 የሚሰጣችሁ ስፋት 147 ብቻ ነው። ኢነርሺያውም 10,100 ገደማ ነው። ሁለቱ አለፉ፣ ሁለቱ ወደቁ፣ ስለዚህ ወድቋል። ውፍረቱን ወደ 2.4 ስታሳድጉት ስፋቱ 173ን ለጥቂት ያልፋል፣ ኢነርሺያውም ይበቃል። 2.0 የሚለው ቁጥር የተጻፈው ሰፋ ያለ ዲያሜትር ለሚመርጥ ቡድን ነው።

መፍትሄው ብረቱ ገና ሱቅ እያለ ነው ያለው። ኤክሴል ላይ አራት ዓምድ ሥሩ፣ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱና ቧንቧውን ራሳችሁ ለኩት፤ የሻጩን ወረቀት ብቻ አትመኑ። ከተበየደ በኋላ ቆርጦ እንደገና ከመሥራት ሌላ መንገድ የለም፣ ይሄን በግልጽ ልንገራችሁ። ደግሞ «የቻሲው (የመኪናው አጽም) ሰነድ እኮ ጸድቆልን ነበር» አትበሉ። የጸደቀው ወረቀቱ ነው፣ መኪናው ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ አያድናችሁም።

ሹፌሩ ሲቀመጥ የራስ ቁሩ ከፍ ይላል

ሕጉ የሚለው ይሄ ነው፦ ከኋላው ቅስት ጫፍ እስከ ፊተኛው ቅስት (መሪው አጠገብ፣ ከሹፌሩ እግር በላይ ያለው) ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር፣ የራስ ቁሩ ከመስመሩ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ኮምፒውተር ላይ ሁሌም ያልፋል። እዚያ ያለው ሰው ትራስ የለውም፣ ቀበቶ አልታሰረም፣ አይቁነጠነጥም።

እኛ ቡድን ውስጥ ነገሩን ያወቅነው በሲባጎ ነው። ከቅስት ቅስት ወጥረን አሰርነው፤ ረጅሙን ልጅ ሙሉ ልብስ አልብሰን፣ የራስ ቁር አድርገንለት፣ ቀበቶውን አጥብቀን አስቀመጥነው። ሲባጎው የራስ ቁሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሦስት ሳምንት ነበር የቀረን፣ ወንበሩን ዝቅ አድርገን ተረፍን። ሲባጎውን ዛሬውኑ እሰሩት። በዚያው ልጁ እንደታሰረ ሰዓት ያዙበትና 5 ሰከንድ ውስጥ ከመኪናው ይውጣ፣ ያም ይፈተናል።

ዳዶው ጠብቋል፣ ፈታሹ ግን ራሱን ነቀነቀ

ጣቱን ብሎኑ ጫፍ ላይ አድርጎ ጥርስ ይቆጥራል። ከዳዶው ወጥቶ የሚታይ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ጥርስ መኖር አለበት። ብሎኑ ካጠረ በረጅም ቀይሩት፤ ሮንዴላ መቀነስ መፍትሄ አይደለም፣ በተለይ ሮንዴላው የግድ በሆነበት ቦታ። ውስጡ ፕላስቲክ ያለበትን ዳዶ ደግሞ ማርሚታ አጠገብ አታድርጉ፣ ሙቀት ያላላዋል።

ኤሌክትሪክ መኪናው መንገድ ላይ በራሱ ኃይል ያቋርጣል

የፍጥነት ፔዳሉ ላይ ሁለት ሴንሰር አለ። ልዩነታቸው ከ10 በመቶ በልጦ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከቆየ ኃይሉ መቋረጥ አለበት። የሚያምታታው «10 በመቶ የምን?» የሚለው ነው። የፔዳሉ ጉዞ 10 በመቶ ነው፣ የቮልቴጁ አይደለም። ሁለቱን ሴንሰሮች መጀመሪያ እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 100 የፔዳል ጉዞ ቀይሩ፣ ከዚያ አወዳድሩ። ቮልት ከቮልት የሚያወዳድር ኮድ ያለ ምክንያት ያጠፋችኋል፣ ወይም ማጥፋት ሲገባው ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

ድምፁ ስልክ ላይ ያልፋል፣ እዚያ ግን አያልፍም

የሞተሩ ድምፅ ገደብ ሥራ ፈት ሲዞር 103፣ ከዚያ በላይ ሲዞር 110 ዴሲቤል ነው፣ የሚለካውም በሲ ሚዛን (C-weighting) ነው። ብዙ የስልክ አፖች የሚያሳዩት የኤ ሚዛንን ነው፣ እሱ ደግሞ ወፍራም ድምፅን አሳንሶ ያነባል። ሲ ያለው መለኪያ ተዋሱ፤ ከማርሚታው ጫፍ ግማሽ ሜትር ርቃችሁ፣ በ45 ዲግሪ አንግል ለኩ።

ሕጉ አሁንም አልገባችሁም?

ለሕግ ኮሚቴው ጻፉ። ግን «ይሄ ይፈቀዳል?» ብቻ ካላችሁ «አንቀጹን ተመልከቱ» የሚል መልስ ነው የሚመጣው። የአንቀጹን ቁጥር ጥቀሱ፣ ስዕል አያይዙ፣ የታዩዋችሁን ሁለት ትርጉሞች «ሀ ነው ወይስ ለ?» ብላችሁ አስቀምጡ። መልሱ ሲመጣ አትሙትና ከፍተሻ ወረቀቶቹ ጋር ያዙት፣ ፈታሹ ሲጠይቅ ስልክ ውስጥ እንዳትፈልጉ።